ዐንበራ ሰላም ኻሊዲ፦ ከሙሰይጥባ ቤት እስከ ንግግር መድረክ

ባሹራ ከቤይሩት ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። በዚህ ሰፈር በሩን ለማንኛውም ሰው የከፈተ የማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሆኖ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 የተመሠረተው አስ-ሰቢል የተባለ ማኅበር ነው። ሰቢል በዐረብኛ መንገድ ማለት ነው፤ በጎ አድራጊዎች ለአላፊ አግዳሚው የሚያሠሩት የመጠጥ ውኃ መቅጃም በዚሁ ስም ይጠራል። ስሙ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የተገባ ነው። በባሹራም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፍ ንባብ በተጨማሪ ለሕፃናት ተረት ይነበባል፤ ደራስያን እየተጋበዙ ስለ ሥራቸው ይናገራሉ፤ አድማጩም ይጠይቃል፣ ይከራከራል።

በአዲስ አበባ ወመዘክር አዳራሽ በመጽሐፍ ውይይት ላይ ተገኝቶ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዓይነቱን ጉባኤ እንደ ተራ ነገር ሊቆጥረው ይችላል። አንዲት ሙስሊም ወጣት ወንበር ይዛ ደራሲውን ብትጠይቅ፣ ወይም ራሷ ደራሲ ሆና መድረኩ ላይ ብትቀመጥ ዛሬ በቤይሩት የሚገረም የለም። ከመቶ ዓመት በፊት ግን እንዲህ አልነበረም። ከባሹራ ብዙም በማይርቀው በሙሰይጥባ ሰፈር ያደገች አንዲት ሴት አንድ ንግግር ለማድረግ በመድረክ ላይ በመቆሟ ከተማዋ በሁለት ጎራ ተከፍላ ተከራክራለች። ይህች ሴት ዐንበራ ሰላም ኻሊዲ ናት። ስሟን የሚያውቁት አብዛኞቹ ሰዎች የሚያስታውሱት በዚያ ምሽት መሸፈኛዋን ማንሳቷን ነው። ወደ መድረኩ ያወጣት ግን ንግግሯ ነበር፤ ከንግግሯም በስተጀርባ የብዙ ዓመታት የንባብ ሕይወት ነበረ። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ሕይወት ይዳስሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጽሐፍና የፖለቲካ ቤት

ዐንበራ በ1897 በቤይሩት ተወለደች። አባቷ ሰሊም ዐሊ ሰላም ስመ ጥር ነጋዴና ከከተማዋ ሙስሊሞች መሪዎች አንዱ ነበሩ። መቃሲድ የተባለውን እስላማዊ የበጎ አድራጎት ማኅበር በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ በ1914ም ቤይሩትን ወክለው የዑስማንያ ፓርላማ አባል ሆነዋል። እናቷ ኩልሱም በዕውቀት ከሚታወቀው የበርቢር ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። ከወንድሞቿ መካከል ሳኢብ ሰላም በተለያዩ ጊዜያት የሊባኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ከዚያም በኋላ የሳኢብ ልጅ ተማም፣ በ2025 ደግሞ የሌላው ወንድሟ ልጅ ነዋፍ ሰላም ይህንኑ ሥልጣን ይዘዋል። እንዲህ ባለ ቤት የተወለደች ልጅ የምትሰማው የአገርና የሕዝብ ጉዳይ፣ የምታየውም እንግዳና ጋዜጣ ነበር።

ትምህርቷ እንደ ዘመኗ ልጆች በቁርኣን ጀመረ። ከዚያ በኋላ መቃሲድ ባቋቋመው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተማረች። ማኅበሩ በ1878 ሲመሠረት በመጀመሪያ የከፈተው የሴት ልጆችን ትምህርት ቤት መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። መሥራቾቹ የከተማዋ ሙስሊም ማኅበረሰብ ከኋላ ቀርነት የሚወጣው ከእናቶች ትምህርት በመነሳት ነው ብለው አምነው ነበር። ዐንበራ የዚህ እምነት ፍሬ ናት ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የነበረችው ጁሊያ ጡዕማ ክርስቲያን መምህርትና ጸሐፊ ስትሆን፣ በተማሪዋ ላይ የማይጠፋ አሻራ ትታለች። ጁሊያ ከጊዜ በኋላ በድር ዲመሽቂያ የተባሉትን የቤይሩት ሙስሊም ታላቅ ሰው አግብታለች፤ በ1921ም አዲሲቷ ሴት የተሰኘ መጽሔት መሥርታለች።

ዐንበራ ወደ አሥር ዓመት ስትጠጋ የመሸፈኛ ወግ ደረሰባት። በወቅቱ በቤይሩት የባለ ሀብትና የታላላቅ ቤተሰብ ሙስሊም ሴት ከቤት ስትወጣ ፊቷንም ትሸፍን ነበር። ከዚያ ዕድሜ በኋላ የልጃገረድ ዓለም ይጠብባል። ለትምህርት መውጣትም ራሱ ከሰው አፍ አያስጥልም። አባቷ ግን ትምህርቷ እንዲቋረጥ አልፈለጉም። መምህር ወደ ቤት እንዲመጣ አደረጉ። የመጡትም የዘመኑ የዐረብኛ ቋንቋ ሊቅ፣ በኋላ አል-ቡስታን የተሰኘውን መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ሸይኽ ዐብደላህ አል-ቡስታኒ ነበሩ። እርሳቸውም ክርስቲያን ሲሆኑ ሸይኽ የሚለውን ማዕረግ ያገኙት በቋንቋ ሊቅነታቸው ነው። አንዲት ሙስሊም ልጃገረድ የዐረብኛን ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ከእንዲህ ያለ ሊቅ እግር ሥር መማሯ በኋላ ለምትጽፈውና ለምትናገረው ሁሉ መሠረት ሆነ።

ስለ ሴቶች የሚናገሩ ወንዶች

ቤይሩት የንግግርና የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ከተማ የሆነችው ዐንበራ ከመወለዷ ግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ነው። በ1847 ለሳይንስና ለጥበብ የቆመ አንድ ማኅበር ተቋቁሞ አባላቱ በየተራ ንግግር ያደርጉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ቡጥሩስ አል-ቡስታኒ በ1849 ስለ ሴቶች ትምህርት አስፈላጊነት ንግግር አድርጓል። ይህ ንግግር በዐረቡ ዓለም በጉዳዩ ላይ በቀዳሚነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የማኅበሩ አባላት ወንዶች ነበሩ። ስለ ሴቶች መማር በወንዶች ጉባኤ ተነገረ፤ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ግን በቤታቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጋዜጦች በረከቱ። ዐብዱልቃዲር አል-ቀባኒ የመሩት ሰመራቱል ፉኑን በ1875 የሙስሊሞች ድምፅ ሆኖ ወጣ። ማተሚያ ቤቶች ተስፋፉ። ጋዜጣና መጽሐፍ ግድግዳን ዘልቆ ስለሚገባ የቤት ውስጥ ሴቶችም ማንበብ ጀመሩ። የቀረው ከማንበብ ወደ መናገር የሚወስደው መንገድ ነበር።

ዐንበራ ይህን መንገድ የጀመረችው በጽሑፍ ነው። በ1913 የዑስማንያ ዐረቦች የመብት ጥያቄያቸውን ለማሰማት በፓሪስ ጉባኤ ሲያደርጉ አባቷ ከቤይሩት ልዑካን መካከል ነበሩ። ወጣቷ ልጅም ከጓደኞቿ ጋር ሆና ለጉባኤው የድጋፍ ቴሌግራም ላከች። ልጃገረዶች በስማቸው ለፖለቲካ ጉባኤ መልእክት መላካቸው በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር ነበር። በ1914 ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር የዐረብ ልጃገረድ ንቃት የተባለ ማኅበር አቋቋመች። ዓላማው አቅም የሌላቸው ልጃገረዶች እንዲማሩ መርዳት ነበር።

የመርዶ ዓመታት

ማኅበሩ ሥር ሳይሰድ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1915 አንበጣ አዝመራውን በላው፤ የባሕሩ መንገድም ተዘጋ፤ በቤይሩትና በሊባኖስ ተራሮች ሰው በረሃብ እንደ ቅጠል ረገፈ። የወደብ ከተማዋ መንገዶች ወላጆቻቸውን ባጡ ሕፃናት ተሞሉ። በመጽሐፍ መካከል ያደገችው ዐንበራ የቲሞችን በመርዳት ሥራ ተሰማራች።

በዚያው ጊዜ የግል ሐዘንም አገኛት። ዐብዱልገኒ አል-ዑረይሲ አል-ሙፊድ የተባለውን ጋዜጣ ከመሠረቱት አንዱ የሆነ ወጣት ጋዜጠኛ ነበር። በፓሪሱ ጉባኤም ተገኝቷል። እርሱና ዐንበራ ለትዳር ይተሳሰቡ ነበር። የዑስማንያው የጦር አዛዥ ጀማል ፓሻ በዐረብ ብሔርተኞች ላይ በወሰደው እርምጃ ዑረይሲ ተያዘ። ግንቦት 6 ቀን 1916 ሃያ አንድ ሰዎች በቤይሩትና በደማስቆ በስቅላት ሲቀጡ እርሱም በቤይሩት ከተሰቀሉት መካከል ነበር። ቦታው እስከ ዛሬ የሰማዕታት አደባባይ ተብሎ ይጠራል። ለከተማዋ ሕዝብ ብሔራዊ መታሰቢያ የሆነው አደባባይ ለአንዲት ወጣት ልጅ የትዳር ተስፋዋ መቃብር ነበር። ወጉ ስለማይፈቅድላት ሐዘኗን እንደ እጮኛ በአደባባይ ልትገልጸው አልቻለችም። በስተርጅና የሕይወት ታሪኳን ስትጽፍም ይህን ምዕራፍ በጨዋነት አልፋዋለች።

ሐዘኑ ግን ከሥራ አላስቀራትም። በ1917፣ ጦርነቱም ረሃቡም ገና ሳያበቃ፣ የቤይሩት ሙስሊም ልጃገረዶች ክበብ ተቋቋመ፤ ዐንበራም ከዋነኞቹ መሥራቾች አንዷ ነበረች። ልጃገረዶቹ በክበቡ ተሰብስበው ያነባሉ፣ ይማራሉ፤ የዕውቀት ሰዎችን እየጋበዙ ንግግር ያደምጣሉ። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚደረገው የደራሲና የአንባቢ መገናኛ ለቤይሩት ሙስሊም ሴቶች በዚህ ክበብ ጀመረ ብንል ከእውነቱ አንርቅም። እንጀራ በጠፋበት ዓመት ስለ ግጥምና ስለ ቋንቋ መሰብሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለእነዚያ ልጃገረዶች ግን ከቤት ወጥቶ ለዕውቀት መሰብሰብ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

የ1927 ምሽት

ከጦርነቱ በኋላ ሊባኖስ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ወደቀች። ሰሊም ሰላም አዲሱን አገዛዝ በመቃወማቸው በ1922 በግዞት ተቀመጡ። በ1925 ለሥራ ጉዳይ ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ዐንበራን ጨምሮ ልጆቻቸውን ይዘው ተጓዙ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ ሳለ ከኢራቁ ንጉሥ ፈይሰል ጋር ተገናኝቷል፤ በለንደን ሪችመንድ መናፈሻ አብረው የተነሱት ፎቶግራፍም እስከ ዛሬ አለ። ዐንበራ በዚያ ቆይታዋ እንግሊዝኛዋን አዳበረች፤ ሴቶች የሚማሩበትን፣ የሚሠሩበትንና በአደባባይ የሚናገሩበትን ማኅበረሰብ በቅርበት አየች።

በ1927 ወደ ቤይሩት ከተመለሰች በኋላ በእንግሊዝ ስላየችው ነገር እንድትናገር በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጋበዘች። እርሷም ወንዶችና ሴቶች በተሰበሰቡበት መድረክ ላይ መሸፈኛዋን ሳታደርግ ቆማ ንግግሯን አቀረበች። አባቷ ውሳኔዋን አልተቃወሙም። በሊባኖስ ከአንዲት ሙስሊም ሴት እንዲህ ያለ ድርጊት በአደባባይ ሲታይ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ወሬው በአንድ ሌሊት ከተማዋን አዳረሰ። የደገፏት ነበሩ፤ ያወገዟትም ብዙዎች ነበሩ። ክርክሩም በእርሷ አላበቃም። በ1928 ነዚራ ዘይነዲን የተባለች ወጣት ስለ መሸፈንና ስለ መግለጥ በቤይሩት መጽሐፍ ስታወጣ፣ ታዋቂው ዓሊም ሸይኽ ሙስጠፋ አል-ገላዪኒ በመጽሐፍ መልስ ሰጧት።

ፊትን መሸፈን ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ የተለያየ አቋም እንዳላቸው የታወቀ ነው። የዐንበራን ውሳኔ የማይቀበል አንባቢም ጥቂት አይሆንም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ጉዳይ ለመፍረድ አልተነሳም። አንድ ነገር ግን መታዘብ ይገባል። የደገፏትም ያወገዟትም ወገኖች ስለ ፊቷ ሲከራከሩ የተናገረችውን ረሱት። ንግግሩን ለማዘጋጀት የደከመችበት፣ ዓመታት ያነበበችውና የታዘበችው ነገር በክርክሩ ጫጫታ ተዋጠ። እስከ ዛሬም ስሟ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የልብሷ ጉዳይ ነው። ሙስሊም ሴት ሒጃብ ብትለብስም ብታወልቅም ሰው ከቃሏ ይልቅ ልብሷን የሚመዝንበት ልማድ በዐንበራ አልተጀመረም፤ በእርሷም አላበቃም። በአውሮፓ ከተሞች ሒጃቧን ለብሳ መድረክ ላይ የምትወጣ እኅታችን የሚገጥማት ፈተናም የዚሁ ልማድ ሌላ ገጽታ ነው።

የአንዲት ሴት ወቅፍ ያቆመው ቤተ መጻሕፍት

በ1929 ዐንበራ ፍልስጤማዊውን ምሁር አሕመድ ሳሚሕ አል-ኻሊዲን አግብታ ወደ ቁድስ ሄደች። ባሏ የቁድስ የዐረብ ኮሌጅ ኃላፊና ስለ ትምህርት አያያዝ ብዙ የጻፈ ሰው ነበር። ያገባችበት ቤተሰብ ታሪክ ከቤተ መጻሕፍት ጋር የተሳሰረ ነው። የባሏ አባት ሓጅ ራጊብ አል-ኻሊዲ በ1900 ገደማ በአሮጌዋ ቁድስ፣ ወደ አል-አቅሳ ቅጥር ግቢ በሚያደርሰው የባቡ ሲልሲላ መንገድ ላይ ኻሊዲያ የተባለውን ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ከፍተዋል። ለዚህ ያበቃቸው እናታቸው ኸዲጃ ለዚሁ ዓላማ ወቅፍ አድርገው የተናዘዙት ገንዘብ ነበር። የቤተሰቡ የዘመናት የእጅ ጽሑፎችና መጻሕፍት ከጓዳ ወጥተው ለአንባቢ ቀረቡ። በንግግር መድረክ ላይ በመቆሟ የተወገዘችው ሴት፣ በአንዲት ሴት ወቅፍ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በቆመበት ቤት ምራት ሆነች።

በቁድስ የእንጀራ ልጆቿንና የራሷን ልጆች አሳደገች። የባሏ ልጅ ወሊድ ኻሊዲና የእርሷ ልጅ ጠሪፍ ኻሊዲ ከዘመናችን ታላላቅ የታሪክ ምሁራን ተርታ የሚሰለፉ ናቸው። ባሏ በአብዮቱ ዘመን ወላጆቻቸውን ላጡ የፍልስጤም ልጆች በደይር ዐምር መንደር ትምህርት ቤት ሲያቋቁም እርሷም ከጎኑ ነበረች። ከዚህ ጎን ለጎን በቋንቋ ሥራዋ የምትታወቅበትን ነገር ሠራች። የጥንታዊ ግሪክን ኢልያድና ኦዲሴ፣ የሮማውያንንም ኤኔይድ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ መለሰች። ኢልያድን ሱለይማን አል-ቡስታኒ በ1904 በግጥም አውጥቶት ነበር። ዐንበራ ግን ለተራው አንባቢና ለወጣቱ እንዲቀርብ በስድ ንባብ ጻፈችው። ከቤቱ ርቆ በባሕር የሚንከራተተውን ሰው ታሪክ ስትተረጉም የእርሷም ቤተሰብ ቤት አልባ የሚሆንበት ዓመት እየቀረበ ነበር።

በ1948 ነክባ ደረሰ። በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያን ከመኖሪያቸው ሲፈናቀሉ የኻሊዲ ቤተሰብም ቁድስን ለቆ ወደ ሊባኖስ ተሰደደ። ለዐንበራ የተወለደችበት አገር ቢሆንም ተመልሳ የመጣችው እንደ ስደተኛ ሆና ነው። የባሏ ልብ ግን ይህን መከራ ብዙ አልተሸከመም፤ በ1951 ከቤይሩት በላይ ባለችው በበይት መሪ አረፈ። እርሷ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖራለች።

በጦርነት መካከል የወጣ መጽሐፍ

በእነዚያ ዓመታት ቤይሩት የዐረቡ ዓለም የሕትመት መዲና ሆና ነበር። በ1921 ፊሊፕ ዲ ጠራዚ ከራሱ ስብስብ በለገሳቸው መጻሕፍት የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በፓርላማው ሕንፃ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ1975 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ጉዳት ደርሶበት በ1979 ተዘጋ። ዐንበራ በሊባኖስና በፍልስጤም መካከል ያሳለፈችውን ሕይወት የሚተርከውን መጽሐፏን ያሳተመችው በዚሁ እሳት መካከል፣ በ1978 ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነበር። አዳራሾች ሲዘጉና መጻሕፍት በሳጥን ሲታሸጉ፣ የንግግር መድረክን ዋጋ የምታውቀው አሮጊት የምታስታውሰውን ሁሉ በወረቀት ላይ አስቀመጠች። በ1986 የጦርነቱን ማብቂያ ሳታይ በቤይሩት ወደ አኼራ ሄደች። ልጇ ጠሪፍ በ2013 መጽሐፏን በእንግሊዝኛ አወጣው፤ ድምፅዋም የዐረብኛ ቋንቋን ለማያውቁ ደረሰ።

ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በ2018 መጨረሻ በሰናይዕ ሰፈር በታደሰ ሕንፃ እንደገና ተመረቀ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ ግን ከተማዋ እንደገና ቆሰለች። ያም ሆኖ ቤይሩት ደራሲን ማዳመጥ አልተወችም። በሰፈር ቤተ መጻሕፍቷ ወንበሮች ዛሬም ተደርድረው እንግዳ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያችው ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ሰፈሮች በሺሕ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዕረፍት ቀን የላቸውም፤ ብቻቸውን ከቤት መውጣት የተከለከሉም አሉ። የቤተ መጻሕፍቱ በር ለሁሉም ክፍት ቢሆንም፣ የሚኖሩበት ቤት በር ከተዘጋባቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ዐንበራ ሰላም ይህን ጥያቄ በልጅነቷ ታውቀው ነበር። እርሷን ከቤት ያወጣት አባት የሚመርጥላት መምህር፣ የሚያስተምራት ማኅበር፣ አብረዋት የሚያነቡ ጓደኞች መኖራቸው ነው። ብቻዋን ያደረገችው ነገር ጥቂት ነው። ለዚህም ነው የሕይወቷ ታሪክ ለእኛ ከአንድ ምሽት ወሬ በላይ የሚሆነው። በአንድ ሴት እጅ መጽሐፍ ያኖረ፣ የዕረፍት ሰዓት የሰጣት ወይም ወደ ጉባኤ የሚወስዳትን በር የከፈተላት ሰው፣ በመድረኩ ላይ የምትናገረው ቀን ሲመጣ ከንግግሯ ድርሻ አለው።